መምህሩ ምን ያምናል? ወይስ ምን ይሠራል?

በሐዲያ ዞን፣ በሻሾጎ ወረዳ ዋና ከተማ በቦኖሻ ትምህርት የጀመረ ልጅ መጀመሪያ ፊደል የሚቆጥረው በሐዲይሳ ነው። ገበያ ሲወጣ ከሃላባና ከስልጤ ከመጡ ነጋዴዎች ጋር በአማርኛ ይግባባል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ይሆኑበታል። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ካለፈ የመንግሥት ምደባ ጎንደር ወይም ጅማ ሊያደርሰው ይችላል። በሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በዱራሜ ካምፓሱ ደግሞ ከሀገሪቱ አራቱም ማዕዘን የተመደቡ ተማሪዎች ይማራሉ። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ይህ ዩኒቨርሲቲ፣ እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በኑሮ ደረጃ የተለያዩ ወጣቶችን አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል። እንዲህ ያለ ክፍል የሚረከብ መምህር ሲቀጠር ስለ ብዝኃነት ምን ሊጠየቅ ይገባል? ጥያቄው ለእኛ አዲስ ይመስላል፤ በአሜሪካ ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት ምክር ቤቶችን ያከራከረ፣ ሕግ ያስወጣና ዩኒቨርሲቲዎችን ለሁለት የከፈለ ጉዳይ ሆኗል። ክርክሩን ቀረብ ብለን ስናየው ለካ እኛም በሌላ ስም የኖርንበት ነው።

የአሜሪካው ጉዳይ የጀመረው ከአንድ ወረቀት ነው። ለመምህርነት ወይም ለደረጃ ዕድገት የሚያመለክት ሰው ከትምህርት ማስረጃው፣ ከምርምር ዕቅዱና ከምስክሮቹ ደብዳቤ በተጨማሪ ስለ ብዝኃነት፣ ስለ ፍትሐዊነትና ስለ አካታችነት ያለውን ግንዛቤ፣ እስካሁን የሠራውንና ወደፊት ሊሠራ ያሰበውን በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ጽፎ እንዲያቀርብ ይጠየቅ ጀመር። ይህ «የብዝኃነት መግለጫ» ይባላል። የሐሳቡ መነሻ ክፉ አልነበረም። ለዘመናት ጥቁሮችን፣ ሴቶችንና ድሆችን ደጅ ያስጠኑ ተቋማት በራቸውን ከከፈቱ በኋላም የገባውን ተማሪ የሚደግፍ መምህር ማግኘት ከብዷቸው ነበር። ተማሪ ሲወድቅ «ሰነፍ ነው» ብሎ የሚያልፈውን መምህር፣ ለምን ወደቀ ብሎ ከሚጠይቀው መለየት ፈለጉ። ችግሩ የመጣው ወረቀቱ ነጥብ ሲሰጠው ነው። በአንዳንድ ተቋማት ነጥቡ የሚሰጠው አመልካቹ ላደረገው ነገር ብቻ አልነበረም፤ ስለ ጉዳዩ በምን ቃላት እንደሚናገርና የትኛውን አመለካከት እንደሚከተልም ይመዘን ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ካምፓስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እና 2019 በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ መምህራንን ለመቅጠር በወጣ ማስታወቂያ፣ መሠረታዊውን መስፈርት ያሟሉት 893 አመልካቾች በመጀመሪያው ዙር የተመዘኑት በብዝኃነት መግለጫቸው ብቻ ነበር። ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፉት 214 ናቸው። ከአራቱ አመልካቾች ሦስቱ ያህል የምርምር ሥራቸው ሳይነበብ ወደቁ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲው ይሠራበት በነበረው የነጥብ መስጫ ሠንጠረዥ ደግሞ «የተማሪዎቼን ማንነት ሳልለይ ሁሉንም እኩል አስተምራለሁ» የሚል አመልካች ዝቅተኛ ነጥብ ከሚያገኙት ወገን ይመደብ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ካምፓስ የሂሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር አቢጌይል ቶምሰን በ2019 መጨረሻ ላይ ባወጡት ጽሑፍ አሠራሩን ከ1950ው የታማኝነት ቃለ መሐላ ጋር አመሳሰሉት። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው መምህራኑ ኮሚኒስት አለመሆናቸውን በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ አዝዞ፣ አንፈርምም ያሉ 31 መምህራንን አባሮ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1952 ለመምህራኑ ፈረደላቸው። አብዛኞቹ ኮሚኒስቶች አልነበሩም፤ የተቃወሙት ሥራቸው በእምነታቸው መለካቱን ነበር።

ከዚያ ሕግ አውጪዎች ገቡበት። ቴክሳስ በሰኔ 2023 የፈረመችው ሕግ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኃነት መግለጫ እንዳይጠይቁ፣ ለሚያቀርብም ሰው ቅድሚያ እንዳይሰጡ ከለከለ። በዚያው ሳያበቃ የብዝኃነት ጽሕፈት ቤቶቹንም ዘጋ። ፍሎሪዳ በ2023 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ለብዝኃነት ሥራዎች ገንዘብ ከመከልከል አልፎ በጠቅላላ ትምህርት ኮርሶች ውስጥ ስለ ዘረኝነት ምን ዓይነት ንድፈ ሐሳብ መሰጠት እንደሌለበት እስከ መወሰን ሄደ። ዩታህ፣ አላባማና አይዳሆ በ2024 ተከተሉ። ካንሳስ በዚያው ዓመት ያወጣችው ሕግ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ ተቋሙ ከአመልካቹ ለማንኛውም የፖለቲካ ርዕዮት ድጋፍም ሆነ ተቃውሞ የሚገልጽ ቃል እንዳይጠይቅ ይከለክላል። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ሳያስገድዳቸው ተዉት፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በግንቦት 2024፣ የሃርቫርድ የሥነ ጥበባትና ሳይንስ ፋኩልቲ በሰኔ 2024፣ አሠራሩን ካስፋፉት አንዱ የሆነው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በመጋቢት 2025።

በእነዚህ ሕጎች መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ዋናው ትምህርት ነው። ሁሉም «የብዝኃነት መግለጫን የሚከለክሉ» ተብለው በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደርጋሉ። የካንሳሱ ዓይነት ሕግ የሚከለክለው ቀጣሪው ለሥራ ፈላጊው የሚያቀርበውን ጥያቄ ነው። የፍሎሪዳው ዓይነት ሕግ መምህሩ ክፍል ውስጥ የሚያነሣውን ርዕሰ ጉዳይ ጭምር ይነካል። የመጀመሪያው የመምህሩን ሕሊና ከአለቃው ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሕሊናውን ለሌላ አለቃ አሳልፎ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህሩን ስለ ብዝኃነት ምን እንደሚያምን እንዳይጠይቅ ሕግ ሊከለክለው ይገባል፤ መምህሩ ስለ ብዝኃነት እንዳያስተምር፣ እንዳይመራመር ወይም ተማሪውን እንዳይደግፍ ግን ሕግ ሊከለክለው አይገባም። መመዘን ያለበት ሥራው ነው።

«ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛ ዘንድ ማን መግለጫ ጠየቀ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በዚያ ስም የጠየቀ የለም። አቋምን እየጠየቁ ማስተማርን መፍቀድና መንፈግ ግን በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የግዴታ ትምህርት ነበር፤ የፓርቲ አባልነትም የሥልጣን መሰላል ነበር። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በመጡበት ወቅት በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ጉዳይ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ሰልፉ በኃይል ተበተነ። ከወራት በኋላ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። በ2006 ዓ.ም. ክረምትና በ2007 መግቢያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በመንግሥት ፖሊሲና ርዕዮት ላይ ያተኮረ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደረገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በግቢዎች የሚነሣውን ግጭት ለመግታት ሲል ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት የኃላፊነት ውል እንዲፈርሙ አደረገ። ዓላማዎቹ ይለያያሉ፤ የመጨረሻው በእርግጥም ሰላም ፈላጊ ነበር። ውሉ ግን ግጭቱን አላስቆመውም። በጥቅምት 2012 መጨረሻ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛመተ። ፊርማ ያረጋገጠው መፈረሙን ብቻ ነበር።

በሀገራችን ከአቋም ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ትውልድ ነው። ይህ ከመግለጫው የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖትም ሆነ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 89 ደግሞ በዕድገት ወደ ኋላ የቀሩ ብሔሮችና ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲያገኙ መንግሥትን ያዝዛል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 እነዚህን ለማስታረቅ ብልህ መንገድ ይዞ ነበር። በመጀመሪያ ሥራ ፈላጊዎችን በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት መለየትን ከለከለ። ቀጥሎ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው አመልካቾች ሲኖሩ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ አነስተኛ ተዋጽዖ ላላቸው ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ አደረገ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም የሠራተኛው ስብጥር ብዝኃነትን እንዲያንጸባርቅ ይጠይቃል። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነዚህ አዋጆች በዋናነት የሚመለከቱት የአስተዳደር ሠራተኛውን ነው፤ መምህሩ የሚተዳደረው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 እና በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ነው። የሕጎቹ አስተሳሰብ ግን ለሁለቱም ይሠራል።

የ515ቱ ድንጋጌ ብልህነት ድጋፉን በጽሑፍና በልክ ማስቀመጡ ነው። መጀመሪያ ውድድር አለ፤ ድጋፉ የሚመጣው ነጥብ ሲቀራረብ ነው፤ አመልካቹም ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት ድርሰት እንዲጽፍ አይገደድም። አንዲት ሴት አመልካች ስለ ሴቶች መብት የምታምነው ምንም ይሁን ምን ቅድሚያውን ታገኛለች። የዚህ ተቃራኒ የሆነውና በየአካባቢው የሚሰማው እሮሮ ደግሞ ልክ የሌለው ድጋፍ ነው፤ ማለትም «ዩኒቨርሲቲው የእኛ ነው፤ ኃላፊውም ከእኛው ይሁን» የሚለው ያልተጻፈ ሕግ። ይህ ብዝኃነት ተብሎ ቢጠራም ውጤቱ ተቃራኒው ነው። በእያንዳንዱ ክልል የአካባቢውን ተወላጅ ብቻ የሚያሳድግ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር በሀገር ደረጃ ሲደመር ስብጥር ያለ ይመስላል፤ በየግቢው ሲገባ ግን አንድ ዓይነት ፊት ብቻ ይገኛል። ስለዚህ የትውልድ ጥያቄም ገደብ ያስፈልገዋል። የዚህም ምሳሌ በቅርብ አለን። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣለት የፋይዳ መታወቂያ፣ የቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ይዞት የነበረውን የብሔር መስመር አይጠይቅም። መስመሩ በመቅረቱ ማንም ማንነቱን አላጣም፤ ቋንቋውም ታሪኩም በእጁ ነው። የቀረው የመንግሥት ጸሐፊ የማያስፈልገውን ነገር መጠየቁ ነው።

ወደ አቋም ጥያቄው እንመለስ፤ ለምንድን ነው የባሰ አደገኛ የሚሆነው? አንደኛው ምክንያት ትክክለኛው መልስ ከሥልጣን ጋር አብሮ ስለሚቀያየር ነው። የሆሳዕናን አካባቢ ብቻ እንይ። በንጉሡ ዘመን ከምባታና ሐዲያ በአንድ አውራጃ ተጠቃልለው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። በኋላ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል አካል ሆኑ፤ ዞኖቹም ተለያዩ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ክልሉ ሐዲያን፣ ከምባታን፣ ጉራጌን፣ ስልጤን፣ ሃላባንና የምን ጨምሮ 7 ዞኖችና 3 ልዩ ወረዳዎች አሉት። አንድ መምህር በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ስለ ብዝኃነት መግለጫ ጻፍ ቢባል ኖሮ፣ በአንዱ ዘመን «አንድነት» ያለው ያልፋል፤ በሌላው «የብሔር መብት» ያለው ያልፋል፤ በሦስተኛው «መደመር» ያለው ያልፋል። የወደቁት የከፉ መምህራን አይሆኑም፤ ዘመኑን ያላነበቡ እንጂ። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአንገት በላይ መናገርን ስለሚያስተምር ነው። እንጀራው በቃሉ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ጎመን በጤና ብሎ የተፈለገውን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ሐሳቡን ክፍል ውስጥም፣ ሴኔት ስብሰባ ላይም መናገር ይከብደዋል። ዩኒቨርሲቲው ያሰበው ብዝኃነትን ነበር፤ ያገኘው አንድ ዓይነት ድርሰት ነው።

ይህን መከራከሪያ የሚቃወሙ ሰዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ መግለጫው ከሌላው የሥራ ጥያቄ በምን ይለያል? ሐኪም ስለ ሕመምተኛ አያያዝ ይጠየቃል፤ መምህርም ስለ ማስተማር ዘዴው ይጽፋል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። «በመጀመሪያ ዓመት የወደቁ ተማሪዎችን ለመርዳት ምን አድርገሃል?» የሚለው ጥያቄ የሥራ ጥያቄ ነው፤ ምላሹም ሊጣራ ይችላል። ቱቶሪያል ሰጥቶ ከሆነ የትምህርት ክፍሉ ያውቃል፤ ተማሪዎቹም ይመሰክራሉ። «ስለ ፍትሐዊነት ያለህን አመለካከት ግለጽ» የሚለው ግን በምን ይጣራል? አንባቢው ከራሱ አመለካከት ጋር ከማነጻጸር ውጪ መለኪያ የለውም። የበርክሌዩ ሠንጠረዥ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። ሁሉን እኩል አስተምራለሁ ያለ ሰው የሠራው ሥራ ሳይታይ፣ የተናገረው ቃል የተሳሳተ ወገን ቃል ስለሆነ ብቻ ነጥቡ ዝቅ ይላል። የሥራ ጥያቄና የእምነት ጥያቄ የሚለዩት በዚህ ነው፤ አንደኛው ማስረጃ ይቀበላል፤ ሌላኛው ስምምነት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። «መግለጫው ከቀረ የተገፉት እንደተገፉ ይቀራሉ፤ ችሎታ የሚባለውም ቀድሞ ዕድል ያገኘ ሰው መጠሪያ ነው» ይላል። በኢትዮጵያ ይህን ለማስተባበል መሞከር አይቻልም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ውጤቱ 3.2 ከመቶ ላይ ቆመ። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ቤተ ሙከራ ያየና ያላየ፣ መጽሐፍ የደረሰውና ያልደረሰው ትምህርት ቤት ልዩነት አለ። ከቦኖሻም ሆነ ከሌላ የገጠር ከተማ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ለመከተል ድጋፍ ያስፈልገዋል። ሆሳዕና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የምታስተዳድረው መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት፤ ከዚያ የወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ጥያቄው እነዚህን ተማሪዎች የሚጠቅማቸው የትኛው ነው የሚለው ነው። የመምህሩ ሁለት ገጽ አስተርጓሚ አይቀጥርም፤ ቱቶሪያልም አይከፍትም። የሚጠቅመው በጀት፣ የማስተማሪያ ሰዓት፣ የመግቢያ ድጋፍና በልክ የተጻፈ ቅድሚያ ነው። መግለጫ ርካሽ ስለሆነ ተቋማት ይወዱታል፤ ውድ የሆነውን ሥራ ሳይሠሩ የሠሩ ያስመስላቸዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአካዳሚክ ነፃነት ወገን ይመጣል፦ ዩኒቨርሲቲ ማንን በምን መስፈርት እንደሚቀጥር ፖለቲከኛ ለምን ይወስናል? ዛሬ መግለጫ ከከለከለ ነገ ኮርስ ይከለክላል። ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። የቴክሳሱ ሕግ የክፍል ትምህርትን፣ ምርምርንና የተማሪ ማኅበራትን እንደማይመለከት በግልጽ ቢጽፍም፣ በሚያዝያ 2024 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የኦስቲን ካምፓስ ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞችን ቀንሷል፤ ብዙዎቹ ቀድሞ በብዝኃነት ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። ሰፊ ሕግ ፈሪ አስተዳደር ሲያገኝ ከተጻፈው በላይ ይሠራል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግን ሕጉ ጠባብ ይሁን የሚል እንጂ ሕግ አይኑር የሚል አይደለም። የአካዳሚክ ነፃነት የተቋሙ ብቻ ሳይሆን የመምህሩም ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ ለግለሰቡ የሚቆም አካል ያስፈልጋል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር የመንግሥት አካል ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሰው ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት ሊይዝ እንደሚችል ሲደነግግ ያሰረው መንግሥትን ነው። ቀጣሪው የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ ሚኒስትር ለውጥ የለውም።

አራተኛው ከእኛው ቁስል የሚነሣ ነው። ተማሪ በብሔሩ በተገደለበት ሀገር፣ ተማሪዎችን በማንነታቸው የሚጠላ መምህር እንዳይገባ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር ነው ወይ? ነውር አይደለም፤ ከንቱ ነው። ጥላቻውን የሚደብቅ ሰው ከሁሉ ያማረ መግለጫ ይጽፋል፤ በየዋህነት ሐሳቡን የሚናገረው ነው የሚያዘው። ለጥላቻ ድርጊት መሣሪያው ሌላ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ በየዩኒቨርሲቲው የዲሲፕሊን ደንብ አለ። ተማሪን በቋንቋው የሰደበ፣ በብሔሩ ነጥብ የቀነሰ ወይም ለአድማ የቀሰቀሰ መምህር በተረጋገጠ ድርጊቱ ይጠየቅ፤ ቅሬታ አቅራቢው ተማሪም ጥበቃ ይደረግለት። ይህ ከመግለጫ ይከብዳል፤ ምክንያቱም አስተዳደሩ ቅሬታ ሲመጣ ዐይኑን እንዳይጨፍን ይጠይቃል። በብዙ ግቢዎች የጎደለው ግን እሱው ነው።

ጉዳዩ በሀገራችን በቅርቡ ፊት ለፊት መምጣቱ አይቀርም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 በሥራ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መምህር በራሱ መስፈርት ይቀጥራል። መስፈርቱ ሲጻፍ የሚገቡትን ጥያቄዎች ከአሁኑ መለየት ይገባል። አንደኛ፣ የትኛውም የቅጥር ወይም የደረጃ ዕድገት ቅጽ የአመልካቹን የፖለቲካ አመለካከት፣ የፓርቲ አባልነት ወይም ስለ ብሔር ጉዳይ ያለውን አቋም፣ ድጋፍም ሆነ ተቃውሞ፣ አይጠይቅ፤ በፈቃዱ ቢጽፈውም ነጥብ አይሰጠው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ብሔርን፣ ሃይማኖትንና የፖለቲካ አመለካከትን ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ መረጃዎች አድርጎ ስላስቀመጠ መሠረቱ ተጥሏል። ሁለተኛ፣ ሊጣራ የሚችል ሥራ ይጠየቅ፤ ነጥብም ይሰጠው፦ ቱቶሪያል፣ ሴት ተማሪዎችን ማማከር፣ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ የመማሪያ ጽሑፍ፣ በአካባቢው ቋንቋ የተሰጠ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛ፣ ለሴቶችና አነስተኛ ተዋጽዖ ላላቸው የሚሰጠው ቅድሚያ እንደ 515ቱ አዋጅ በጽሑፍና በልክ ይቀመጥ፤ ከውድድሩ በፊትም ለሁሉም ይገለጽ። አራተኛ፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ታሪክና ስለ እኩልነት መጓደል ማስተማርና መመራመር በክልከላው እንደማይነካ በግልጽ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ የፓርላማ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርበትም። የሴኔት ሕግ የማሻሻል ሥልጣን የየዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ዋቸሞም ሆነ ሌላው በራሱ ሊጀምረው ይችላል፤ የሚያስፈልገው የቅጥር ማስታወቂያና የነጥብ መስጫ ሠንጠረዥ ማስተካከል ነው። ሕግ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አመራር ሲቀየር እንዳይፈርስ ያደርገዋል። ጥቅሙ ለወጣቱም ነው፤ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ስንት ወጣት የያዘው ዲግሪ ሥራ እንደማያስገኝለት ቆጥሮ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ላይ እንደሚገኝ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። ቅጥር በሥራ እንጂ በሰው ወይም በቃል እንደማይገኝ የሚያምን ወጣት የመቆየት አንድ ምክንያት ይኖረዋል። የመምህርነት ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ልጅ ከየትኛውም ብሔር ይሁን፣ ስለ ብሔር ጉዳይም የፈለገውን ይመን፤ ዩኒቨርሲቲው ከእሱ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ትምህርቱን ማወቁ፣ ሊማር የመጣውን ሁሉ ማስተማሩ፣ ይህንንም በሥራው ማሳየቱ። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ቅጽ ሲቀርብለት ፈራሚው ብቻ ሳይሆን ቅጹን ያዘጋጀው ኃላፊም «ይህን የምትጠይቁት በየትኛው ሕግ ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።